በግና የሥጋ ከብት እርባታን የተማርኩባቸው መንገዶች፦ የሠሩልኝና ያልሠሩልኝ

ለበግና ለሥጋ ከብት አርቢ የሚሆን ትምህርት ሞልቷል። መመሪያው፣ ቪዲዮው፣ ሥልጠናው፣ የስልክ መተግበሪያው፣ መድኃኒት ሻጭ የሚያድለው በራሪ ወረቀት፣ ሁሉም «እኔን ስማ» ይላል። ብዙዎቹን ሞክሬአለሁ። ዛሬ አንድን ትምህርት የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ነገ ጠዋት በረት ስገባ በእጄ ምን እንድሠራ ያደርገኛል? ለዚህ መልስ ከሌለው የቱንም ያህል ቢያምር ወደ ጎን አደርገዋለሁ። እዚህ የምጽፈው በዚህ ወንፊት ያለፉልኝን ነው።

ከሁሉም በፊት የምመክረው በእጅ መዳሰስን መማር ነው። ሱፍ ያታልላል፤ ከሩቅ የሰባች የምትመስል በግ እጅ ሲገባባት አጥንት ብቻ ሆና ትገኛለች። የሚዳሰሰው ወገቧ ነው፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ። አውራ ጣት ጀርባዋ መሐል ባለው አጥንት ላይ ያርፋል፤ የቀሩት ጣቶች ወደ ጎን የሚወጡትን አጫጭር አጥንቶች ጫፍ ይፈልጋሉ። ነጥቡ ከ1 እስከ 5 ነው። 1 አጥንቱ ስል ሆኖ ጣት የሚወጋባት፣ 3 አጥንቱ ጫን ሲሉት ብቻ የሚገኝባት፣ 5 ደግሞ ቢጫኑም የማይገኝባት ናት።

ይህንን ከሥዕል እንማራለን የሚሉ አሉ። ሥዕሉ ቦታውን ያሳያል እንጂ ጣት የሚሰማውን አይሰጥም። እኔን ያስተማሩኝ ዕድሜያቸውን ከበግ ጋር ያሳለፉ አንድ አዛውንት ናቸው። «ልጄ፣ ዓይንህን ጨፍን። ዓይንህ ሱፉን እያየ ይዋሽሃል» አሉኝ። በጓን እኔ ዳሰስኩ፣ እሳቸው ዳሰሱ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ነጥባችንን እኩል ተናገርን። ቀድሞ የተናገረ ሌላውን ይጎትታልና ይህ ቀላል የሚመስል ሥርዓት ትልቅ ነገር ነው። (ቁጥር እንኳ አይወዱም ነበር። 2.5 ለማለት «ገና ትንሽ የሚቀራት» ይሉ ነበር፤ ግምታቸው ግን ከሐኪሙ ነጥብ አይለይም።) ለጀማሪ የምለውም ይህንኑ ነው፦ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ፣ በጣም የከሳች፣ መካከለኛና በጣም የሰባች በግ አንድ ላይ አቁሙና እየተፈራረቃችሁ ዳስሱ። ልዩነቱ ጎን ለጎን ሲሆን እጅ ቶሎ ይለምደዋል።

ቁጥሩ ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ጊዜን አስቀድሞ ስለሚያሳይ ነው። አንዲት በግ አንድ ሙሉ ነጥብ ለመጨመር የክብደቷን አንድ አሥረኛ ያህል ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ መጨመር አለባት። ይህ በጥሩ መኖ እንኳ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። እንግዲህ አውራው በግ ለማጥቃት ወደ መንጋው ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው 2 ሆና የተገኘችን በግ 3 ማድረስ አይቻልም። ግልገሎቹ ጡት እንደጣሉ መዳሰስ፣ የከሱትን ለይቶ የተሻለ ሣር መስጠት ያኔ ነው። ሁለተኛው ወሳኝ ጊዜ የእርግዝናዋ መጨረሻ ነው። በግ የምታረግዘው 147 ቀን ገደማ ሲሆን የጽንሱ ክብደት 70 በመቶ ያህሉ የሚጨመረው በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው። በዚያው ጊዜ ሆዷን ጽንሱ ስለሚያጣብበው መኖ የሚይዝበት ቦታ ይጠባል። መንታ የያዘችውን ለይቶ፣ በመጠን ያነሰ ግን ኃይል ያለው መኖ መስጠት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ለከብትም ነጥብ አለ፤ ከብቱን ግን በዓይንም መመዘን ይቻላል፤ የጎድን አጥንቱ፣ ዳሌውና የጭራው ሥር ይናገራሉ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አንዳንድ አገር ከብትን ከ1 እስከ 5፣ ሌላው ከ1 እስከ 9 ይመዝናል። «ላሟ ስትወልድ 5 ትሁን» የሚል ምክር ስታነቡ በየትኛው መለኪያ እንደሆነ ካላያችሁ መካከለኛዋን ላም ትታችሁ እጅግ የሰባችውን ልትመኙ ትችላላችሁ።

አውስትራሊያ ውስጥ የእናት በጎችን አያያዝ የሚያስተምር አንድ ፕሮግራም አለ፤ አምስት፣ ስድስት ወይም ሰባት አርቢዎች ቡድን ይሆኑና በዓመት ስድስት ጊዜ እየተገናኙ አንዱ የሌላውን በግ በየበረቱ ይዳስሳሉ፣ ሣሩን ይገምታሉ፣ ያለፈውን ውሳኔ ውጤት ያያሉ። ፕሮግራሙ እኔ ጋ አልደረሰም፣ አሠራሩን ግን ቀድቼዋለሁ። ከጎረቤት አርቢዎች ጋር በተራ እንገናኛለን። ደንባችን ሁለት ነው፦ ውይይቱ በረት ውስጥ እንጂ ወንበር ላይ አይሆንም፤ የጎበኘነው ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ ምን እንዳደረገና ምን እንደሆነ ይናገራል። ከተከታተልኩት የአዳራሽ ሥልጠና ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። አዳራሽ ውስጥ ሁሉም በግ ጤነኛ ነው።

ወደ ትል ልግባ። ብዙ የሚነገርበት፣ ብዙ የተሳሳተ ምክርም የሚሸጥበት ርዕስ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ፋማቻ የሚባል ካርድ አለ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ሲሆን የበግና የፍየል የታችኛውን የዓይን ሽፋን ውስጠኛ ክፍል ከአምስት ቀለሞች ጋር የሚያነጻጽር ነው። 1 ደማቅ ቀይ፣ 5 ነጭ ማለት ይቻላል። ደም መጣጩ የጨጓራ ትል በጓን ደም ሲያሳጣት ቀለሙ ይገረጣል፤ መድኃኒት የሚጋቱት የገረጡት ብቻ ይሆናሉ። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ በአንድ መንጋ ውስጥ አብዛኛውን የትል እንቁላል በግጦሹ ላይ የሚያራግፉት ጥቂት በጎች ናቸውና። የቀሩት መድኃኒት ሳይነካቸው ሲቀር፣ በሆዳቸው ያለው ትል መድኃኒቱን ያልለመደ ሆኖ ይቆያል፤ ያ ደግሞ መድኃኒቱ ለዓመታት እንዲሠራ ይረዳል።

ግን ካርዱን ያለ ሥልጠና አትጠቀሙ። የሚታየው በቀን ብርሃን ነው፤ ጎተራ ውስጥ ወይም በባትሪ ብርሃን ቀለሙ ይለወጣል። ካርዱ ፀሐይ ላይ ከዋለ ራሱ ይገረጣል፣ ሲያረጅም መቀየር አለበት። «ቀለሞቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ» ብሎ ካርዱን ቤት መተውም አያዋጣም። ደግሞ የሚያሳየው ደም ማነስን ብቻ ነው። የጉበት ትልም ደም ያሳጣል፤ በሌላ በኩል ተቅማጥ የሚያመጡት የአንጀት ትሎች ዓይንን ሳያገርጡ በጓን ሊጨርሷት ይችላሉ። ስለዚህ ዓይኗን ካየሁ በኋላ መንጋጋዋ ሥር እብጠት መኖሩን፣ ጀርባዋን፣ ጭራዋ ዙሪያ ተቅማጥ መኖሩን፣ አፍንጫዋንም አያለሁ። በጓ አንዴ እጅ ከገባች አምስቱን ማየት ብዙ ጊዜ አይወስድም።

ሁለተኛው የእንቁላል ቆጠራ ነው። እኔ የተማርኩት በአንድ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ነው፤ በማይክሮስኮፕና ማክማስተር በሚባለው ባለመስመር መስታወት። የተመዘነ በጠጥ፣ ተጨማሪ ጨው ማሟሟት እስኪያቅተው በጨው በጠገበ ውኃ ይበጠበጣል፣ ይጠለላል፣ እንቁላሉ ይንሳፈፋል፣ በመስመሮቹ ውስጥ ያለው ይቆጠራል። ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም፤ ሰው የሚበላሽበት ናሙናው ላይ ነው። በጠጡ ትኩስ መሆን አለበት፣ አየር የማያስገባ ከረጢት ውስጥ ተደርጎ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ ከዋለና ከሞቀ እንቁላሉ ይፈለፈልና ቁጥሩ ይቀንሳል። የጉበት ትል እንቁላል ደግሞ ከባድ ስለሆነ በጨው ውኃ አይንሳፈፍም። «ተቆጥሮ ዜሮ ነው» ተብሎ የጉበት ትል የለም ማለት አይቻልም፤ ለእሱ በማዝቀጥ የሚደረግ ሌላ ምርመራ ይጠየቃል።

የቆጠራ ትልቁ ጥቅም መድኃኒቱ መሥራቱን ማረጋገጡ ነው። ከመጋት በፊት ይቆጠራል፤ ከተጋቱ በኋላ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ከእነዚያው በጎች ይቆጠራል። እንቁላሉ 95 በመቶ ካልቀነሰ ትሎቹ መድኃኒቱን ለምደውታል ተብሎ ይጠረጠራል፣ በመጀመሪያ ግን አሰጣጡ መፈተሽ አለበት። መጋቻው ትክክለኛ መጠን ይሰጣል? በመለኪያ ሲሪንጅ ፈትሹት። መጠኑ የተሰላው በመካከለኛዋ በግ ክብደት ከሆነ ግማሹ መንጋ ከሚያስፈልገው በታች ወስዷል ማለት ነው፤ በምድቡ ውስጥ ባለችው ከባድ በግ ክብደት ይሰላል፣ የክብደት ልዩነቱ ሰፊ ከሆነም መንጋው ይከፈላል። መድኃኒቱ ደግሞ ከምላስ ኋላ መውረድ አለበት እንጂ ከንፈር ላይ የሚደፋ አይደለም።

ስለ መድኃኒት ስም አንድ ነገር ልጨምር። በሱቅ ውስጥ ስምና ማሸጊያው የሚለያይ ብዙ ጠርሙስ ይደረደራል። ጀርባውን አዙራችሁ ውስጡ ያለውን መድኃኒት አንብቡ። አልቤንዳዞልና ፌንቤንዳዞል የአንድ ቤተሰብ ናቸው። አይቨርሜክቲንና ዶራሜክቲንም እንዲሁ። ሌቫሚዞል ለብቻው ነው። ከአልቤንዳዞል ወደ ፌንቤንዳዞል የቀየረ አርቢ ጠርሙስ እንጂ መድኃኒት አልቀየረም። ስለዚህ ርዕስ ማንበብ ከወደዳችሁ፣ የትል ቁጥጥር ምክር የሚሰጡት የአውስትራሊያው ዎርምቦስ፣ የኒውዚላንዱ ዎርምዋይዝና የብሪታንያው ስኮፕስ ያሳተሙት ጽሑፍ በነፃ ይገኛል፣ በደንብም የተጻፈ ነው። መቼ ይጋት የሚለውን የቀን መቁጠሪያቸውን ግን አትቅዱ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ምጥን ከቪዲዮ ተምሬ አላውቅም። ቪዲዮ የሚያሳየው ከውጭ ነው፤ ሥራው ያለው ውስጥ፣ በማይታይበት ቦታ ነው። ከሁሉ የጠቀመኝ በአንድ ሥልጠና ላይ ያየሁት ነው፦ ሞቶ የተወለደ ግልገል ቀዳዳ ባለው ሣጥን ውስጥ ይደረጋል፤ አሠልጣኟ እንደፈለገች ታጣምመዋለች፣ ሠልጣኙ ሳያይ እጁን አስገብቶ ምን እንደያዘ ይናገራል። የፊት እግር ነው የኋላ? ከሰኮናው በላይ ያሉት ሁለት መገጣጠሚያዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ከታጠፉ የፊት ነው፤ ወደ ተቃራኒ ከታጠፉ የኋላ። ሁለት እግር ሲገኝ የአንዱ ግልገል መሆናቸውን ሳያረጋግጡ መሳብ የለም፤ እግሩን ተከትሎ እስከ ደረት መድረስ ነው። ትክክለኛው አመጣጥ ሁለት የፊት እግርና በላያቸው ላይ ያረፈ አፍንጫ ነው። ይህን የሚያዘጋጅ ሐኪም ወይም ማሠልጠኛ ካገኛችሁ አትለፉት። ለጥጃም በዚሁ መንገድ የሚያስተምሩ አሉ።

ከተወለደ በኋላ ያለው ግን በወረቀት ላይ ቢሆንም ይሠራል። እኔ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ይህንን ነው። እንገር፦ ግልገል በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት በኪሎ 50 ሚሊ ሊትር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በድምሩ በኪሎ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ። ጥጃ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት የክብደቱን አንድ አሥረኛ፤ 40 ኪሎ የሚመዝን ከሆነ 4 ሊትር መሆኑ ነው። ሙቀት፦ የጤነኛ ግልገል ከ39 እስከ 40 ዲግሪ ነው። ከ37 በታች ከወረደ አደጋ ላይ ነው፤ ያኔ ዕድሜው ወሳኝ ነው። ከተወለደ አምስት ሰዓት ያልሞላው ከሆነ አድርቆ ማሞቅ፣ ከዚያ እንገር። አምስት ሰዓት ካለፈው ግን ሰውነቱ ውስጥ ያለው ኃይል ስላለቀ፣ ግሉኮስ ሳይሰጠው ቢሞቅ ሙቀቱ ራሱ ሊገድለው ይችላል። ግሉኮሱ ሆድ ውስጥ በመርፌ የሚሰጥ ስለሆነ አሰጣጡን ከሐኪም እጅ አይታችሁ ተማሩት፤ የሆድ ቱቦ አገባቡንም እንዲሁ። ሌሊት፣ ብርድ ላይ፣ ስልክ እያነበቡ የሚማሩት ነገር አይደለም።

መኖን በተመለከተ ሰው ሁሉ ስለ ቀመር ያወራል። እኔን የጠቀመኝ ግን አንድ የብረት ክፈፍ ነው፣ በሁለቱም ጎን 50 ሴንቲሜትር የሆነ። ግጦሹ ላይ ይጣላል፣ ውስጡ ያለው ሣር ይታጨዳል፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ይደርቃል፣ ይመዘናል። ግራሙን በ40 ስታበዙት በሄክታር ስንት ኪሎ ደረቅ መኖ እንዳለ ይሰጣችኋል። 45 ግራም ከወጣ 1,800 ኪሎ ነው። ግማሹን ለሣሩ ማገገሚያ ብንተው 900 ኪሎ ይቀራል። 500 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን የክብደቷን 2 ከመቶ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ፣ 11 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች እንበል። እንግዲህ ያ ሄክታር 20 ላም አራት ቀን ያቆያል። ክፈፉን በአንድ ቦታ ብቻ መጣል ዋጋ የለውም፤ ጥሩውም መጥፎውም ቦታ ላይ ይጣል። ጥቂት ወቅት ከሠራችሁበት በኋላ ዓይናችሁ ራሱ ይገምታል፣ ክፈፉን የምታወጡት ዓይናችሁን ለመፈተን ብቻ ይሆናል። ግማሹን መተው ትልን ለመከላከልም ይበጃል፤ የትል እጭ የሚበዛው ከመሬት እስከ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ባለው የሣሩ ክፍል ነውና።

የመኖ ይዘት ለማየት ፊዲፔዲያ የሚባለው የመኖ መዝገብ ጥሩ ነው፤ የፈረንሳይ የምርምር ተቋማትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ያዘጋጁት ሲሆን በነፃ ይነበባል። ሰንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር በደረቅ ክብደት እንደሆነ አትርሱ። ትኩስ ሣር አብዛኛው ውኃ ነው፤ ድርቆሽ ደግሞ 85 በመቶው ያህል ደረቅ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች በብዙ መመሪያ ውስጥ በትናንሽ ፊደል ይቀበራሉ፣ እኔ በትልቁ እጽፋቸዋለሁ። ለከብት የተዘጋጀ የማዕድን ድብልቅ ለበግ አይሰጥም፤ ለከብት ልክ የሆነው መዳብ በበግ ጉበት ውስጥ እየተጠራቀመ ይገድላል። ሁለተኛ፣ ከሣር ወደ እህል የሚደረግ ሽግግር ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ይውሰድ። ሰንጋ ለማድለብ የቸኮለ ሰው ገንዳውን በአንድ ጊዜ በእህል ሲሞላ የከብቱ ሆድ ይኮመጥጣል፣ ከብቱም ሊሞት ይችላል።

ከብት መንዳትንና አያያዝን በተመለከተ የአሜሪካዊቷ የእንስሳት ሳይንስ ምሁር የቴምፕል ግራንዲን ሥዕላዊ ማብራሪያዎች ይበቃሉ። ዋናው ነገር ከብቱ ትከሻ ላይ የሚዛን ነጥብ መኖሩ ነው፤ ከትከሻው ኋላ ቆማችሁ ስትጠጉት ወደፊት ይሄዳል፣ ከትከሻው ፊት ስትሆኑ ወደ ኋላ ይላል። ልምምዱ ነፃ ነው፦ ሜዳ ላይ ቀስ ብላችሁ ተጠጉት፣ መንቀሳቀስ የሚጀምርበትን ርቀት ፈልጉ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሉና ሲቆም እዩ። ዱላ የያዘ ሰው ይህን ለመማር ይቸገራል።

አሁን ስለ ሌላ አገር ትምህርት። በነፃ የሚገኘው ጥሩ ጽሑፍ አብዛኛው ከኒውዚላንድ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከብሪታንያና ከአሜሪካ ነው። እኔ ሳነብ ሁለት ነገር እለያለሁ። የእንስሳው አካል የሚሠራበት መንገድ በየትም አንድ ነው፤ እንገሩ፣ የእርግዝናው ጊዜ፣ የሆዱ አሠራር። የወር ስም ያለበት ምክር፣ የሣር ዓይነት፣ የዝርያ ክብደትና የመድኃኒት ደንብ ግን ያገሩ ነው። በደቡብ ንፍቀ ክበብ «በነሐሴ» የተባለው የብርዱ ወቅት ማብቂያ ላይ ነው። ለዕድገት ተብሎ ከብት ጆሮ ውስጥ የሚቀበር ሆርሞን አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ፣ በአውሮፓ ኅብረት የተከለከለ ነው። ስለዚህ የወሩን ስም ሰርዛችሁ «ከመውለዷ ስድስት ሳምንት በፊት»፣ «ዝናብ በጀመረ በስንተኛው ሳምንት» ብላችሁ በእንስሳውና በሣሩ ሁኔታ መልሳችሁ ጻፉት። አማርኛን ጨምሮ በብዙ ቋንቋ የተዘጋጁ አጫጭር የገበሬ ቪዲዮዎች ማየት የምትፈልጉ አክሰስ አግሪካልቸር የሚባለው ድርጅት ዘንድ ታገኛላችሁ፤ ከማንበብ ይልቅ ማየት ለሚቀለው ዘመድ የማሳየው እነሱን ነው።

ሻጭ የሚያዘጋጀውን ትምህርት አልንቅም፣ የምርቱን አጠቃቀም ከሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑን ግን ከሌላ ሰው እጠይቃለሁ።

የገበሬ የመስክ ትምህርት ቤት የሚባለው ዘዴ በፋኦ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1989 ኢንዶኔዥያ ውስጥ በሩዝ የተጀመረ ነው፤ በኋላ ወደ እንስሳትም ገብቷል። ከሱ የወሰድኩት ጎን ለጎን ማወዳደርን ነው። አዲስ መኖ የምሞክረው በግማሹ ወይፈን ላይ ነው፣ ሁለቱ ምድቦች በዕድሜም በክብደትም ተመጣጥነው። ሚዛን ከሌለ ሜትር ይበቃል፦ የደረት ዙሪያው ከፊት እግር ኋላ በሴንቲሜትር ይለካል፣ ያ ቁጥር በራሱ ይባዛል፣ ከትከሻ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንት ባለው ርዝመት ይባዛል፣ ለ10,840 ይካፈላል። ዙሪያው 160፣ ርዝመቱ 130 ከሆነ 307 ኪሎ ገደማ ይወጣል። ግምት ነው፤ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ዓይነት ሰዓት፣ መኖና ውኃ ሳይቀምሱ ከተለካ ግን የለውጡን አቅጣጫ በደንብ ያሳያል። ጠዋት ባዶ ሆዱን የተመዘነ ሰንጋና ከሰዓት ጠግቦ የተመዘነው አንድ አይደሉም።

መተግበሪያዎችን ሞክሬ ወደ ደብተር ተመልሻለሁ፤ እጄ ጭቃ ሲሆን ስልክ አይታዘዝም። ደብተሬ ላይ የጆሮ ቁጥር፣ ቀን፣ ነጥብ፣ የዓይን ቀለም፣ የተሰጠ መድኃኒት ከነመጠኑ፣ ለሥጋ እስኪውል መቆየት ያለበት ጊዜና «ለምን» የሚል ዓምድ አለ። ሐኪም ሲመጣ ቀድሞ የሚጠይቀኝ ያንን ደብተር ነው፤ ሦስት ጊዜ የገረጣችውን በግ ከነግልገሎቿ ከመንጋው የማስወጣውም በእሱ ነው።